ኮድ ሳልችል የኦፕን ሶርስ ዶክመንቴሽን ቡድን ውስጥ መግባት እችላለሁ? ከየት ልጀምር?

ቲጂ_ጉለሌ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። የተማርኩት እንግሊዝኛ ነው፣ የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሪፖርትና ቃለ ጉባኤ ማዘጋጀት ነው፣ ኮምፒውተሮቻችን ላይ የተጫነው ሊብሬኦፊስ (እንደ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ያለ ነጻ የቢሮ ሶፍትዌር) ስለሆነ ሁሉንም የምሠራው በሱ ነው፣ ማውጫ አልወጣልኝም፣ የገጽ ቁጥሩ ተዘበራረቀብኝ፣ ሜይል መርጅ (አንድ ደብዳቤ ስምና አድራሻ እየቀየሩ ለብዙ ሰው ማውጣት) እምቢ አለኝ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ኮድ ግን ወላ ሃንቲ አልችልም፣ ፓይተን ጀምሬ ፎር ሉፕ ላይ ስደርስ ዘግቼዋለሁ ሃሃ።

ሰሞኑን አንዷ ጓደኛዬ የነዚህን ነጻ ሶፍትዌሮች መመሪያ የሚጽፉት በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ አንቺ ለዚህ ነው የተፈጠርሽው አለችኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁና ማየት ስጀምር ጊት፣ ማርክዳውን፣ ፑል ሪኩዌስት፣ ስታይል ጋይድ... ግራ ገባኝ። እና ጥያቄዬ፣ ጊት ሳላውቅ መግባት ይቻላል ወይ? እንግሊዝኛዬ ለቢሮ ይበቃል ግን የፈረንጅ አይደለም፣ ይስቁብኛል እንዴ? የትኛው ፕሮጀክት ይሻላል? ደሞ ኢንተርኔቴ የሞባይል ዳታ ነው፣ መብራትም እንደምታውቁት ነው። ለሲቪስ ይጠቅማል? በናታችሁ ሙያ ያላችሁ ሰዎች ምከሩኝ።

አባ_ተርሚናል፦

እንኳን ደህና መጣሽ ቲጂ። መልሱ አጭር ነው፣ ሌላ ፕሮጀክት ፍለጋ አትዙሪ፣ ሊብሬኦፊስ ራሱ ጋ ሂጂ። በየቀኑ የምትሠሪበት፣ የት ጋ ሰው እንደሚያስቸግር አብጠርጥረሽ የምታውቂው ሶፍትዌር እያለ የማታውቂውን ዳታቤዝ መመሪያ ላስተካክል ብሎ መግባት ትርፉ ድካም ነው።

ትንሽ ላስረዳሽ። ሊብሬኦፊስ በ2010 ከኦፕንኦፊስ የተገነጠለ ነው (ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው፣ ከዚህ በታች የምጽፈውም እንደዛው)፣ ከጀርባው ያለው ዘ ዶክመንት ፋውንዴሽን የሚባል በርሊን የተመዘገበ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ትልልቅ ቨርዥን በዓመት ሁለቴ ይወጣል፣ ፌብሩዋሪና ኦገስት ላይ፣ 24.2፣ 24.8፣ 25.2 ብሎ የሚሄደው ቁጥር ዓመቱና ወሩ ነው። አሁን አስቢው፣ ሶፍትዌሩ በየስድስት ወሩ እየተለወጠ መመሪያውን የሚያድሱት ጥቂት ፈቃደኞች ናቸው፣ ስለዚህ ጋይዶቹ ሁልጊዜ ከኋላ እየሮጡ ነው። ሰው ይፈልጋሉ ወይ ለሚለው መልሱ ይሄው ነው።

ዶክመንቴሽኑ ሁለት ቤት ነው ያለው። አንደኛው ኤፍ1 ስትጫኚ የሚመጣው ሄልፕ ነው፣ እሱ ኤክስኤምኤል ነው፣ ለውጡም ጌሪት በሚባል ሲስተም አልፎ ነው የሚገባው፣ ለጊዜው እርሺው። ሁለተኛው ጋይዶቹ ናቸው፣ የጀማሪ ጋይድ አለ፣ ከዛ ራይተር (ጽሑፍ መጻፊያው)፣ ካልክ (እንደ ኤክሴል ያለው)፣ ኢምፕረስ፣ ድሮው፣ ቤዝ፣ ማዝ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መጽሐፍ አላቸው። አንቺን የሚያስደስትሽ እዚህ ጋ ነው፣ እነዚህ መጽሐፎች የሚጻፉት በራሱ በራይተር ነው! እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው የኦዲቲ (የራይተር ዶክመንት) ፋይል ነው፣ ኔክስትክላውድ የሚባል የፋይል ማጋሪያ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ሰው ምዕራፉን ያድሳል፣ ሌላው ትራክ ቼንጅስ (የተለወጠውን ሁሉ የሚያሳየውን) አብርቶ ይገመግማል። ጊት (የፋይል ለውጥ መከታተያው) የለ፣ ማርክዳውን (በምልክት የሚጻፍ የጽሑፍ ፎርማት) የለ። ቃለ ጉባኤ ለአለቃሽ ልከሽ ታርሞ እንደሚመለስልሽ ማለት ነው በቃ።

የዳታውም ጉዳይ በዚሁ ተፈታ። ምዕራፉን አንዴ ታወርጂዋለሽ፣ ኦፍላይን ትሠሪያለሽ፣ ስትጨርሺ ትጭኛለሽ። መብራት ቢሄድም ኦቶሪከቨሪው አለ፣ ደቂቃውን ብቻ ከሴቲንግ ዝቅ አድርጊው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቴምፕሌቱን አክብሪ። ሁሉም ነገር በስታይል ነው የሚሠራው፣ ርዕሱም፣ የሜኑ ስሙም፣ ማስጠንቀቂያውም። ኮንትሮል ቢ ተጭኖ ማድመቅ፣ ስፔስ እየደበደቡ ማስተካከል እዛ ነውር ነው። ብዙ ጎበዝ ጸሐፊ የሚወድቀው በሐሳብ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ገምጋሚው ይዘቱን ትቶ ፎርማት ሲያጸዳ ይውላል፣ ሁለተኛ ያንቺን ፋይል ለመክፈት ይሰንፋል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የአስተዋጽዖ መመሪያ አላቸው፣ ከምንም በፊት እሱን አንብቢ።

ሃና_ኪውኤ፦

አባ ተርሚናል ያለው ልክ ነው ግን እኔ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ቲጂዬ መጀመሪያ አትጻፊ። መጀመሪያ ፈትሺ። እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው፣ መመሪያም እንደ ሶፍትዌር ነው የሚፈተሸው። አንድ ምዕራፍ ያዢ፣ ከጎኑ ፕሮግራሙን ክፈቺ፣ የተጻፈውን ብቻ አድርጊ፣ የምታውቂውን እንዳታውቂ ሁኚ (ይሄ ነው ከባዱ፣ እጅሽ ራሱ ቀድሞሽ ይሄዳል)። "ይህን ሜኑ ክፈት" ብሎ ሜኑው ሌላ ቦታ ከሆነ ጻፊው። ሥዕሉ ላይ ያለው መስኮት ካንቺ ስክሪን ጋ ካልተመሳሰለ ጻፊው። ደረጃ 3 ላይ ያልተባለ ነገር ደረጃ 4 ላይ እንደተደረገ ከተቆጠረ ጻፊው፣ ይሄኛው ትልቁ ነው፣ ቡድኑ ውስጥ ዓመታት የቆየ ሰው በፍጹም አያየውም ምክንያቱም ጭንቅላቱ ራሱ ይሞላዋል።

ምሳሌ ልስጥሽ፣ ካልክ ውስጥ የአምዶች ብዛት ለብዙ ዓመት 1024 ነበር፣ የመጨረሻው አምድ ኤኤምጄ ነበር። ከ7.4 ጀምሮ፣ 2022 ላይ ማለት ነው፣ 16384 ሆነ፣ የመጨረሻው ኤክስኤፍዲ፣ ልክ እንደ ኤክሴል። አሁንም ድረስ ኢንተርኔቱ ላይ 1024 የሚል ጽሑፍ ሞልቷል። ጋይድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ያረጀ ቁጥር ማግኘትና ማሳየት ኮድም አይፈልግ የሼክስፒር እንግሊዝኛም አይፈልግ፣ ግን አንድ አካውንታንት ፋይሉ ይገባል አይገባም ብሎ የሚወስነው በሱ ነው።

ስታገኚ የት ታስገቢዋለሽ፣ ባግዚላ የሚባል የስሕተት ሪፖርት ማስገቢያ አላቸው፣ እዛ ውስጥ ዶክመንቴሽን የሚል ክፍል አለ። ከመክፈትሽ በፊት ሌላ ሰው አስገብቶት እንደሆነ ፈልጊ። አንድ ሪፖርት ላይ አንድ ችግር ብቻ። የትኛው ጋይድ፣ የትኛው ምዕራፍ፣ የትኛው ገጽ፣ የሶፍትዌሩ ቨርዥን፣ ዊንዶውስ ነው ሊኑክስ፣ ምን ይላል፣ አንቺ ምን አገኘሽ። "ይህ ምዕራፍ ግልጽ አይደለም" ብለሽ ብትልኪ ግን ማንም ምንም ሊያደርገው አይችልም፣ ተቀምጦ ይቀራል።

እንዲህ ጥቂት ካስገባሽ በኋላ ቡድኑ ስምሽን ያውቀዋል፣ ያኔ ምዕራፍ ልውሰድ ስትዪ አዎ ለማለት አይቸገሩም።

ዳሞት88፦

ይቅርታ ግን እኔ አልገባኝም። ኪራይ እንዲህ ሰማይ በነካበት ዘመን ለፈረንጅ ድርጅት በነጻ መሥራት ምን የሚሉት ነገር ነው?? እነሱ ደመወዝ ያላቸው ሰዎች አሏቸው አይደል። ቲጂ ጊዜሽን የሚከፈልበት ነገር ላይ አውይው ባይ ነኝ፣ ፍሪላንስ ምናምን።

ናቲ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

@ዳሞት88 ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው ቀልድ አይደለም፣ ትርፍ ሰዓት የሌለው ሰው መግባት የለበትም እላለሁ እኔም። ግን ሶፍትዌሩን በነጻ የሚጠቀምበት ቢሮዋ ነው እኮ፣ ላይሰንስ ሳይከፍል። እና ደሞ ለጽሑፍ ሰው ናሙና ማሳየት ከባድ ነው፣ የቢሮ ሪፖርት ለቀጣሪ አውጥተህ አታሳይም፣ ምስጢር ነው። እዚህ ግን የሠራችው ምዕራፍ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የምዕራፉ መጀመሪያ ላይ አስተዋጽዖ ያደረጉ ሰዎች ስም ይሰፍራል፣ የሷም ይገባል። እኔ እዚህ አሜሪካ ቴክኒካል ራይተር ሆኜ ነው የምሠራው፣ ሰው ስንቀጥር መጀመሪያ የምንጠይቀው የጽሑፍ ናሙና ነው።

የሚከፈል ከተፈለገ አውትሪቺ የሚባለውን ማየት ይቻላል፣ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሦስት ወር የሚቆይ ኢንተርንሺፕ ነው፣ ባለፉት ዓመታት 7000 ዶላር ሲከፍል የቆየ፣ ከኮድ ውጪ የሆኑ ሥራዎችም ይኖሩበታል፣ ዶክመንቴሽንም አንዳንዴ። ለመግባት ግን ማመልከቻው ወቅት ላይ ፕሮጀክቱ ውስጥ ሥራ ሠርተሽ ማሳየት ግዴታ ነው። ስለዚህ ያው ዞሮ ዞሮ ከዚህ ነው የሚጀመረው።

ቲጂ፣ ጊት ሳላውቅ ላልሽው፣ ለሊብሬኦፊስ ጋይድ አያስፈልግሽም፣ ትክክል ነው። በኋላ ግን ሌላ ቦታ መሥራት ካሰብሽ ትንሽ ትንሽ ልመጂው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ፕሮጀክት ዶክመንቴሽኑን ከኮዱ ጎን ነው የሚያስቀምጠው። ለምሳሌ ኤምዲኤን፣ የዌብ ሰዎች ሁሉ የሚያነቡት ማጣቀሻ፣ እስከ 2020 መጨረሻ ዊኪ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ጽሑፉ ሁሉ ጊትሃብ (የጊት ፕሮጀክቶች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ላይ ነው። አትፍሪው፣ ለትንሽ እርማት ኮምፒውተርሽ ላይ ምንም መጫን አይጠበቅብሽም፣ ጊትሃብ ላይ ገጹን ከፍተሽ የእርሳሷን ምልክት ስትጫኚ ራሱ ኮፒ ያደርግልሻል፣ አስተካክለሽ ምን እንደለወጥሽና ለምን እንደለወጥሽ ጽፈሽ ትልኪያለሽ፣ ፑል ሪኩዌስት የሚባለው ይሄው ነው። ሙሉውን ላውርድ ካልሽ ደግሞ ክሎን ስታደርጊ ዴፕዝ 1 የሚለውን ጨምሪ፣ የዓመታት ታሪኩን ትቶ የዛሬውን ብቻ ነው የሚያወርደው፣ አለበለዚያ ፓኬጅሽን በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሲቪ ለማሳመር ሪድሚ (የፕሮጀክቱ መግቢያ ጽሑፍ) ላይ ኮማ እየጨመሩ መላክ አለ አይደል፣ እንዳታደርጊው። 2020 ላይ ሃክቶበርፌስት የሚባለው የኦክቶበር የኦፕን ሶርስ ዘመቻ ጊዜ 4 ፑል ሪኩዌስት ላከ የተባለ ሰው ቲሸርት ያገኝ ነበር፣ ከዛ አንድ የዩቱብ ቪዲዮ ላይ እንዴት እንደሚላክ የታየውን እየገለበጠ ሰው በየፕሮጀክቱ ሪድሚ ላይ "አሪፍ ፕሮጀክት" የሚል ነገር እየጨመረ አጥለቀለቃቸው፣ ባለፕሮጀክቶቹ እያለቀሱ ነበር ማለት ይቻላል፣ አዘጋጆቹም ፈልጎ ለገባ ፕሮጀክት ብቻ እንዲሆን ደንቡን እዛው ኦክቶበር ውስጥ ለወጡት። አሁን ደግሞ ተራው የኤአይ ነው። ቻትጂፒቲ የጻፈውን ገልብጦ የሚልክ መአት ነው፣ የሌለ ሜኑ ፈጥሮ ሲያስረዳ ታገኚዋለሽ። ጄንቱን (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው) የመሳሰሉ ፕሮጀክቶች 2024 ላይ በኤአይ የተሠራ ነገር አንቀበልም ብለው ወስነዋል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ምን ይፈቅዳል ብለሽ አስቀድመሽ እዪ።

ቲጂ_ጉለሌ፦

ወይኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ ተባረኩ። ሃናዬ ያልሽውን ማታ ሞከርኩት፣ ከሜይል መርጅ ምዕራፍ ጀመርኩ፣ እጄ ቀድሞኝ ይሄዳል ያልሽው እውነት ነው ሃሃ። ግን የእንግሊዝኛው ነገር አሁንም ያስፈራኛል፣ ማንም አልመለሰልኝም። ደሞ አንድ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፣ ለምን በቀጥታ በአማርኛ አልጽፈውም? የኛ ሰው የሚቸገረው እንግሊዝኛውን ማንበብ ነው እኮ።

ናቲ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

እንግሊዝኛውን እኔ ልመልስ። የመመሪያ እንግሊዝኛና የዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ጠላቶች ናቸው። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ደረጃ ላይ አንድ ድርጊት፣ መጀመሪያ የት እንደሆነ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ፣ አለቀ። የሚያነበው ሰው አብዛኛው ቬትናም ወይ ብራዚል ወይ ባህር ዳር ነው ያለው፣ ፈሊጥና ቅኔ ይጎዳዋል። የጉግል የዴቨሎፐር ዶክመንቴሽን ስታይል ጋይድ በነጻ ይገኛል፣ ለዓለም አቀፍ አንባቢ ስለመጻፍ የሚለውን ክፍል አንብቢው፣ የጉግል ሰው ባትሆኚም ይጠቅምሻል። እዛው ውስጥ መመሪያ ላይ እባክዎ አትበሉ ይላል፣ እኛ የቢሮ ደብዳቤ ያሳደገን ሰዎች እዚህ ላይ ነው የምንቸገረው፣ ትሕትናችን ዓረፍተ ነገሩን ያስረዝመዋል። ደግሞ ገምጋሚ አለ እኮ፣ ያርሙልሻል፣ የሚስቅ የለም። ከሊብሬኦፊስ ፈቃደኞች ውስጥ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ብዙ ነው።

ጋሽ_መዝገቡ፦

ልጄ ቲጂ፣ የአማርኛውን ጉዳይ እኔ ልንገርሽ፣ ለረጅም ጊዜ የትርጉም ሥራ ላይ ስለነበርኩ። ሊብሬኦፊስ የአማርኛ ገጽታ አለው፣ ሜኑውን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል፣ ይህንንም ፈቃደኞች ናቸው የተረጎሙት። ትርጉሙ የሚሠራው ዌብሌት በሚባል ድረ ገጽ ላይ ነው፣ በብራውዘር ብቻ፣ አንድ በአንድ ሐረግ እየመጣልሽ። ሜኑውም ኤፍ1 ላይ የሚመጣው ሄልፕም እዛው ነው የሚተረጎመው። ስለዚህ በአማርኛ ልሥራ ካልሽ ከባዶ አዲስ መጽሐፍ መጻፍ አይጠበቅብሽም፣ በሩ ክፍት ነው።

ነገር ግን ምክሬ ከእንግሊዝኛው እንድትጀምሪ ነው። ምክንያቱም ዋናው ጽሑፍ ስሕተት ካለው ስሕተቱን ወደ አማርኛ ተርጉመሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ሶፍትዌሩም በየስድስት ወሩ ይታደሳል፣ አማርኛው ላይ ያለን ሰዎች ደግሞ በጣም ጥቂቶች ነን፣ ተጽፎ የሚተው መመሪያ ከሌለው መመሪያ ይብሳል፣ ያረጀውን አምኖ ይሳሳታል ሰው። ሌላ ፕሮጀክት ላይም ቢሆን ከመጀመርሽ በፊት አማርኛ ይቀበላሉ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ናቲ የጠቀሰው ኤምዲኤን ለምሳሌ የሚቀበላቸው ቋንቋዎች የተወሰኑ ናቸው፣ አማርኛ የለበትም።

አባ_ተርሚናል፦

ጋሽ መዝገቡ በከፊል አልስማማም ይቅርታ። እንግሊዝኛው እስኪስተካከል ከጠበቅን አማርኛው መቼም አይመጣም። ኤፍ1 ላይ በጣም የሚፈለጉት ገጾች ጥቂት ናቸው፣ ማውጫ፣ የገጽ ቁጥር፣ ማተም፣ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር፣ እነዚህ ብቻ እንኳን ቢተረጎሙ ትልቅ ነገር ነው፣ ደሞ ቶሎ ቶሎ የሚቀየሩም አይደሉም።

ጋሽ_መዝገቡ፦

አባ ተርሚናል፣ ይህን እቀበላለሁ። ጥቂት መርጦ ከሆነ ይሁን። እኔ የምፈራው ሁሉንም እንተርጉም ተብሎ በወኔ ተነስቶ በሁለት ወር የሚቆመውን ነው፣ ብዙ አይቻለሁ።

ሃና_ኪውኤ፦

ቲጂ ግራ አያጋቡሽ። የጀመርሽውን የሜይል መርጅ ምዕራፍ ጨርሺ። ያገኘሻቸውን ባግዚላ ላይ አስገቢ። ከዛ ለዶክመንቴሽን ቡድኑ ራስሽን አስተዋውቂ።

ቲጂ_ጉለሌ፦

እሺ ሃናዬ። መልእክቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ሲቪ ልላክ እንዴ? እና ደሞ ጽሑፉ የማን ነው የሚሆነው፣ መብቱ ማለቴ ነው፣ መሥሪያ ቤቴ እንዳይጠይቀኝ።

ሃና_ኪውኤ፦

ኧረ ሲቪ አትላኪ ሃሃ። አምስት ስድስት መስመር ይበቃል፣ ስምሽን፣ በየቀኑ ራይተር እንደምትጠቀሚ፣ የሜይል መርጅን ምዕራፍ በዚህ ቨርዥን ፈትሸሽ እነዚህን ሪፖርቶች እንዳስገባሽ ከነሊንኩ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳለሽ (አሳንሰሽ ተናገሪ፣ ሁለት ሰዓት ብለሽ ሁለቱን መሥራት አሥር ብሎ ከመጥፋት ይሻላል)፣ እና ምዕራፉን ሌላ ሰው ይዞት እንደሆነ ጠይቂ። ይሄ የመጨረሻው ወሳኝ ነው፣ ሳይጠይቁ ሙሉ ምዕራፍ አድሰው ሲልኩ ሌላ ሰው ግማሹን ሠርቶት የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ የሁለቱም ድካም ውኃ ይበላዋል።

አባ_ተርሚናል፦

መብቱን በተመለከተ ጋይዶቹ የሚታተሙት በጂፒኤል 3 ወይም በክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 በሚባሉት የነጻ አጠቃቀም ፈቃዶች ነው፣ ከሁለቱ አንባቢው የመረጠውን። ማለትም ማንም ኮፒ ማድረግ፣ መቀየር፣ መሸጥም ይችላል፣ ምንጩን ከጠቀሰ። አንቺ ስታስገቢ በዚህ ተስማምተሽ ነው። ስለ መሥሪያ ቤትሽ፣ በራስሽ ሰዓትና በራስሽ ላፕቶፕ ሥሪው፣ ስክሪንሾት ስታነሺ የቢሮ ፋይል ከኋላ እንዳይታይ፣ ሜይል መርጅ ከሆነማ የደንበኛ ስምና ስልክ ያለበትን ሊስት እንዳትጠቀሚ፣ የውሸት ስም ሞልተሽ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ አዘጋጂ።

እና ሦስት ወር ያህል ከሠራሽና ቢያንስ ስድስት ወር ልቀጥል ካልሽ የፋውንዴሽኑ አባል ለመሆን ማመልከት ትችያለሽ፣ አባል ቦርዱን ይመርጣል። ዳሞት ለፈረንጅ ድርጅት ላልከው፣ ድምፅ የምንሰጥበት ድርጅት ነው።

ዳሞት88፦

እሺ ይሄን አላውቅም ነበር። የካልክ ጋይድ ላይም ሰው ይፈልጋሉ? ኤክሴል ላይ ትንሽ እጄ አለበት

ሃና_ኪውኤ፦

ሃሃ መጣህ አይደል። ይፈልጋሉ፣ ግን ኤክሴልን ሳይሆን ካልክን ራሱን ከፍተህ ሞክር፣ ፎርሙላው ቢመሳሰልም የሜኑው አቀማመጥ ይለያል።

ቲጂ፣ መልስ ቶሎ ካልመጣልሽ አትከፊ፣ ሁሉም የራሱ ሥራ ያለው ሰው ነው። ሳምንት ካለፈ አንዴ በትሕትና አስታውሺ። ኦገስት ላይ ከሆነ ግን ትንሽ ታገሺ፣ አውሮፓ ያሉት ዕረፍት ይወጣሉ።